ውሃ የገባበት መሠረት ላይ ኮንክሪት እንሙላ ወይ? ወጪውስ የማን ነው?

ጥያቄው፦

«ኢንጂነር፣ ጤና ይስጥልኝ። ከጓደኛዬ ጋር አዳማ ላይ ትንሽ የግንባታ ድርጅት አለን። አንድ የመንገድ ማስፋፊያ ፕሮጀክት ውስጥ በንዑስ ተቋራጭነት ገብተናል። ሥራችን መንገድ ዳር ያለውን የውሃ መስመር ማዛወር፣ የአንድ ቦክስ ካልቨርት (ውሃ በመንገድ ሥር የሚያልፍበት የኮንክሪት ሳጥን) እና የ60 ሜትር ደጋፊ ግንብ መሠረት መቆፈርና ኮንክሪቱን መሥራት ነው። ግንቦት 12 ጠዋት ኤስካቫተሩ ድሮዊንግ ላይ የሌለ ቧንቧ መታ። ውሃው እስኪዘጋ ሁለት ሰዓት ፈጀ። የቆፈርነው የግንቡ መሠረት ሞላ። በፓምፕ አወጣነው፤ አሁን ወለሉ ደርቋል። ዋናው ተቋራጭ ‹የቧንቧው ጥገናም፣ ተጨማሪው ቁፋሮም በእናንተ ነው፤ ክረምት ሳይገባ ቶሎ ሙሉት› ይለናል። ውላችን ሁለት ገጽ ነው። ማሽኑ የኪራይ ነው፤ አሥር ቀን ቆሟል። መሙላት እንችላለን? ወጪውስ የማን ነው?»

መልሱ፦

ወንድሜ፣ ከገንዘቡ በፊት መሠረቱን እንጨርስ። አትሙሉት። ነገ ጠዋት ሚክሰር ልትጠሩ ትችላላችሁ ብዬ ነው ይህን ያስቀደምኩት።

ደርቋል ያልከው ላዩ ነው። አዳማ ላይ 20 ዓመት ቆፍሬያለሁ፣ ይህን አፈር አውቀዋለሁ። ከተማችን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። ከእግራችን ሥር ያለው በአብዛኛው እሳተ ገሞራ የተፋው አመድና ፑሚስ ነው። ፑሚስ ያ ነጣ ያለ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ድንጋይ ነው። አመዱ ደረቅ እያለ ያታልላል። ሁለት ሜትር ቀጥ አድርገህ ብትቆርጠው እንደ ግድግዳ ይቆማል። በዲጅኖ ስትመታው ያስቸግራል። «መሬቱ ጠንካራ ነው» ብለህ ትደሰታለህ። ነገር ግን ቅንጣቶቹ በስስ ማያያዣ ተጣብቀው፣ በመካከላቸው ብዙ ክፍት ቦታ ይዘው ነው የቆሙት። ውሃ ሲያገኘው ማያያዣው ይለቃል። ክፍት ቦታው ይዘጋል። ያኔ መሬቱ ትናንት ይችለው የነበረውን ሸክም ዛሬ አይችለውም፤ ድንገት ይወርዳል።

አዳማ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንድ ቦታ አለት ታገኛለህ። ወደ ወንጂ ሜዳ ስትወርድ ደግሞ የሚያብጥና የሚሰነጠቅ ከባድ ጥቁር አፈር አለ፣ ጠባዩም ሌላ ነው። ስለዚህ በእኔ ቃል አትሂድ። የራስህን ጉድጓድ ጠይቀው።

አጠያየቁ ቀላል ነው። ውሃ ካልነካው የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ፣ ከመሠረቱ ጥልቀት፣ የሎሚ ያህል ጓል አፈር ሳትጨፈልቅ አውጣ። ሻይ የምትጠጣበትን ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ሙላና ጓሉን ቀስ አድርገህ አስገባው። ቁጭ ብለህ ተመልከት። መጀመሪያ ጥቃቅን አረፋ ይወጣል። ያ ከክፍት ቦታው የሚወጣው አየር ነው። ቀጥሎ ጠርዙ መፍረስ ይጀምራል። በሁለት በሦስት ደቂቃ ውስጥ ብርጭቆው ሥር ተዘርግቶ ተኝቶ ካየኸው፣ ግንብህ የሚቀመጥበት አፈር ውሃ ጠላቱ እንደሆነ በዓይንህ አየህ ማለት ነው። በስልክህ ቪዲዮ አንሳው። ይህ የላቦራቶሪ ፈተናን አይተካም። ኮንሰልታንቱ (ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ መሐንዲስ) ናሙና ወስዶ በኢዶሜትር (አፈር ሲጫንና ሲረጥብ ምን ያህል እንደሚወርድ በሚለካ የላቦራቶሪ መሣሪያ) እንዲያስፈትን ለመጠየቅ ግን ጥሩ ምክንያት ይሆንሃል።

ቀጥሎ ዲሲፒ ነው፤ የመሬትን ጥንካሬ በምት የሚለካ መሣሪያ። መንገድ ሥራ ላይ ስላለህ ሳይቱ ላይ መሣሪያው አይጠፋም። 8 ኪሎ መዶሻ፣ ከ57.5 ሴንቲ ሜትር የሚወድቅ፣ ሾጣጣ ጫፉን ወደ መሬት እየሰደደ የሚሄድ ነው። መጀመሪያ ውሃው ያልደረሰበት የመሠረቱ ክፍል ላይ ምታ። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ስንት ምት እንደፈጀ ጻፍ። ከዚያ ውሃው የተኛበት ቦታ ላይ፣ በየሦስት በየአራት ሜትሩ እንዲሁ አድርግ። እርጥቡ ቦታ ላይ ላዩ ደህና ቆጥሮ፣ ከ20 ወይም ከ30 ሴንቲ ሜትር በኋላ መዶሻው እንደ ቂቤ ሲሰጥም ልታይ ትችላለህ። ፀሐይ ያደረቀችው ቅርፊቱን ብቻ ነውና። ምቱ ከደረቁ ቦታ ጋር እስኪስተካከል ውረድ። አፈሩን እስከዚያ ጥልቀት ድረስ ነው የምታነሳው። ጥልቀቱን ከቢሮ ሆኖ «ግማሽ ሜትር ይበቃል» የሚልህን ሰው አትስማ፤ መሬቱ ራሱ በቁጥር ይናገራል።

ያነሳኸውን በምን ትተካለህ? ጥሩ ገረጋንቲ ከተገኘ በእሱ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ንጣፍ፣ እያንዳንዱን በልኩ ውሃ እያርከፈከፍክና እየጠቀጠቅክ። በየንጣፉ ጥግግቱን በሳንድ ኮን (ጉድጓድ ቆፍሮ በአሸዋ በመሙላት በሚለካ ፈተና) አስፈትን፤ ስፔሲፊኬሽኑ የሚጠይቀው መቶኛ ላይ ሳይደርስ ቀጣዩን አትዘርጋ። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ብዙ ጊዜ አያለሁ። ሰው «ውሃ እንዳይዝ» ብሎ ደቃቅ የሌለው ንጹሕ ጠጠር ወይም ልቅ ቀይ አሽ ከመሠረቱ ሥር ይሞላል። በሌላ አገር መሬት ጥሩ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ አመድ ላይ ግን ከግንቡ ሥር መታጠቢያ ገንዳ ሠራህ ማለት ነው። ዝናቡ ጠጠሩ ውስጥ ይጠራቀምና ሥር ያለውን ያልተነካ አፈር ያርሰዋል። ስለዚህ ደቃቅ ያለው፣ ተጠቅጥቆ የሚደፈን ገረጋንቲ ይሁን። የሚነሳው ጥልቀት ትንሽ ከሆነ ደግሞ በሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው ባነሰ ኮንክሪት) ሙላው፤ ይፈጥናል፣ ፈተናም አይበዛበትም።

ወለሉ ተፈትሾ እንደተፈቀደ በዚያው ቀን ሊን ኮንክሪቱን አልብሰው። በማግስቱ አትበል። ሰኔ ደጃፍ ላይ ነው። አዳማን ተራሮቹ ከበዋታል፤ ጎርፉ ከተማዋ ላይ ሳይዘንብ ከላይ ወርዶ ሊደርስብህ ይችላል። ከጉድጓዱ በላይ በኩል የአፈር ግድብና የውሃ መቀልበሻ ቦይ ዛሬውኑ ይቆፈር። የ60 ሜትሩን መሠረት ባንዴ ከፍተህ አትተው። 10 ሜትር፣ 12 ሜትር እየከፈትክ፣ እየዘጋህ ሂድ። ዋናው ተቋራጭ በዚህ ቅር ሊለው ይችላል። ግንቡ ሲሰነጠቅ ግን ከአሁኑ ይልቅ ቅር ይለዋል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ራሴ ስለቀመስኩት ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ልክ እንደ አንተ የዝናብ ውሃ የገባበትን የግንብ መሠረት «ደርቋል» ተብለን ሞላነው። ያሠራን ድርጅት ቸኩሎ ነበር፤ እኔም ልጅ ነበርኩና አልተከራከርኩም። ግንቡ አምሮ ቆመ። ፎቶ ተነሳንበት። በቀጣዩ ክረምት ነሐሴ ላይ ሄጄ ሳየው መሃሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። አውራ ጣቴን ከተትኩበት፣ ገባ። ከጀርባው አስፋልቱ ጫፍ ላይ የጎማ ስፋት ያህል ጎድጉዷል። ቆፍረን ስናይ ከግንቡ ኋላ ያዛወርነው የውሃ መስመር አንዱ መጋጠሚያ ቀስ እያለ ያንጠባጥብ ነበር። ቧንቧው ያፈሰው አፈሩ ሲወርድ መጋጠሚያው ተከፍቶ ይሁን፣ ወይስ መጀመሪያ ቧንቧው አፍስሶ ነው አፈሩ የወረደው፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ያን ቀን ግን የመስመሩንና የመሠረቱን ሥራ ለይቶ ማየት ተውኩ።

አንተ ደግሞ ሁለቱንም ሥራ የያዝከው ራስህ ነህ። ስለዚህ የቧንቧ መጋጠሚያህ የመሠረትህ ጉዳይ ነው። መስመሩን ስታዛውር ከመሠረቱ ጠርዝ በ45 ዲግሪ ወደ ታች የሚወርድ መስመር አስብ። የቧንቧው ቦይ ከዚያ መስመር በታች ከገባ የግንቡን እግር እየበላህ ነው። ከቻልክ ከዚያም አርቀው። አንድ መስመር ስታዛውር ደግሞ ቢያንስ ሁለት መታጠፊያ ይኖርሃል። መታጠፊያ ላይ ውሃው ቧንቧውን ወደ ውጪ ይገፋዋል። ግፊቱን ሰው ይንቀዋል። 160 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በ6 ባር የሚሠራ ቢሆንና በአንድ ተኩል እጥፍ፣ በ9 ባር ብትፈትነው፣ 90 ዲግሪ መታጠፊያው ላይ ያለው ግፊት ወደ 2.6 ቶን ይጠጋል። አንድ የጭነት ፒክአፕ ከነጭነቱ መታጠፊያውን ተደግፎ እንደቆመ አስብ። ስለዚህ ይህን ግፊት የሚቀበል የኮንክሪት መደገፊያ፣ ትረስት ብሎክ የሚባለው፣ ያስፈልጋል፤ ጀርባው ያልተነካ መሬት ላይ የተደገፈ። ባክፊል (ተቆፍሮ የተመለሰ አፈር) ላይ የተደገፈ ትረስት ብሎክ እንደሌለ ይቆጠራል።

ግፊቱንም መጋጠሚያዎቹ ክፍት እንደሆኑ ፈትን። የቧንቧውን ወገብ ብቻ አፈር አልብሰህ፣ መጋጠሚያ መጋጠሚያውን ሳትሸፍን። ጌጁ መውረድ አለመውረዱን ብቻ አትይ። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሥር ደረቅ ሶፍት አኑርና ከሰዓት በኋላ ዞረህ ሰብስብ። ጌጅ የማያሳይህን ጠብታ ሶፍቱ ያሳይሃል።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

የምልህን ሁሉ ላትወደው ትችላለህ። «ድሮዊንግ ላይ የለም፣ ስለዚህ እኔ የለሁበትም» የሚለው ክርክር ብቻውን አያቆምህም። የፌዴራል መንገዶች ውል ብዙ ጊዜ በፊዲክ (ዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን ባወጣው የግንባታ ውል ቅጽ) ላይ የተመሠረተ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ቀይ መጽሐፍ የሚባለው ቅጽ አንቀጽ 4.12 ላይ ያልታሰበ የመሬት ሁኔታ ሲያጋጥም ተቋራጩ ጊዜና ወጪ ሊጠይቅ እንደሚችል ይናገራል። «ያልታሰበ» የሚለው ግን ልምድ ያለው ተቋራጭ ጨረታ ሲያስገባ በአግባቡ ሊገምተው ያልቻለው ማለት ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ አዲስ መስመር ይዞ ነው የተሠራው፤ እዚያ ሜዳ መሃል የከተማ ቧንቧ ብታገኝ ያልታሰበ ነው። አንተ ያለኸው ግን ሰው ለብዙ አሥርት ዓመታት መስመር ሲቀብርበት በኖረ አሮጌ መንገድ ዳር ነው። እዚህ ቧንቧ ይኖራል ብሎ አለማሰብ ይከብዳል። «የሙከራ ጉድጓድ ለምን በእጅ አልቆፈራችሁም?» ብሎ ይጠይቅሃል ኮንሰልታንቱ። ጥያቄው ትክክል ነው።

ስለዚህ ነገሩን ባንድ ጆንያ አትክተተው። ለያየው። የተሰበረውን ቧንቧ መጠገን አንድ ነገር ነው። እርጥቡን አፈር ማንሳትና መተካት ሌላ ነው። ያልታወቀውን ቧንቧ ከመንገዱ ማስወጣት ሌላ ነው። የማሽኑ ቆሞ መዋል ደግሞ ሌላ።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን በጣም የምይዘው ሦስተኛውን ነው። ያ ቧንቧ ድሮዊንግ ላይ የለም፤ በአንተ የሥራ ዝርዝርም ውስጥ የለም። እሱን ማዛወር አዲስ ሥራ ነው። መለካትና መከፈል አለበት። ዋናው ተቋራጭም ከአሠሪው ሊያስከፍለው የሚችልበት በር አለው። የመስመር ማዛወር ሥራ ብዙ ጊዜ በዋናው ውል ውስጥ በፕሮቪዥናል ሰም ይቀመጣል፤ ማለትም በመሐንዲሱ ትእዛዝ የሚከፈል የተያዘ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ስትነግረው እንደ ክስ አትንገረው። «አብረን እናስከፍል» በለው። የአፈሩን መተካት በተመለከተ የብርጭቆ ቪዲዮህና የዲሲፒ ቁጥሮችህ ይረዱሃል፤ ምክንያቱም መሬቱ እንዲህ ውሃ የማይችል መሆኑ ከሰጡህ የአፈር ጥናት ውስጥ ካልተጻፈ «ሊገመት አይችልም ነበር» ለማለት መነሻ ይሆንሃል። ጥገናው ላይ ግን ድርሻህን ተቀበል። በማሽን ጀምራችኋል። ድርሻህን ያመንክ ቀን የቀረውን ጥያቄህን ሰው በሙሉ ጆሮው ይሰማሃል።

የማሽኑ መቆም ደካማው ነው። «አቁም» የሚል ደብዳቤ ወይም የሳይት ቡክ ትእዛዝ አለህ? ከሌለህ «ማን አቁም አለህ?» ይሉሃል። ከዛሬ ጀምሮ ግን በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደቆመና ለምን እንደቆመ ጽፈህ የእነሱን ፎርማን አስፈርም። አልፈርምም ካለ «ቀርቦለት አልፈረመም» ብለህ ቀንና ሰዓት ጽፈህ ፎቶውን ለሬዚደንት መሐንዲሱም (ሳይት ላይ ለሚውለው የኮንሰልታንቱ መሐንዲስ) ለዋናው ተቋራጭ ቢሮም ላክ። ከቆመ ማሽን ጋር ደግሞ አትሙት። ኪራዩን አቋርጠውና ሥራ ሲኖር መልሰው። አሥር ቀን የቆመ ኤስካቫተር ትንሽ ድርጅት ይገድላል።

የቀን ጉዳይም አለ። በዚያው ፊዲክ አንቀጽ 20.1 ዋናው ተቋራጭ ጥያቄ እንዳለው ለመሐንዲሱ ማሳወቅ ያለበት ነገሩን ባወቀ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ዝርዝሩን በ42 ቀን ያቀርባል። ግንቦት 12 መታችሁ፤ 28 ቀኑ ሰኔ 10 ይሞላል። ከዚያ በኋላ እሱ መብቱን ያጣል። እሱ ካጣ አንተም የምትካፈለው ነገር የለም። አንተ ከአሠሪው ጋር ውል የለህም፤ መንገድህ በእሱ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ነገ ይግባ። አንድ ገጽ ይበቃል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን በስቴሽን (በመንገዱ የርቀት ምልክት)፣ ያገኛችሁትን ቧንቧ ዓይነትና ዲያሜትር፣ ድሮዊንጉ ቁጥር ስንት እንደሆነና ቧንቧው እንደሌለበት፣ ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ ጻፍ። «ስለ ጊዜና ወጪ ጥያቄ እናቀርባለን» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አትርሳ። ገቢ መዝገብ ላይ አስመዝግበህ ቅጂው ላይ ማህተም አስመታ። በስልክ ነግሬዋለሁ፣ በቴሌግራም ልኬለታለሁ አትበለኝ። ነግረኸው ይሆናል። ቀኑ ሲመጣ ግን የሚታየው ማህተሙ ነው።

ሁለት ገጹን ውልህን አላየሁትም። ግን እንዲህ ያሉ ውሎች ብዙ አይቻለሁ። አንደኛው ገጽ ዋጋ ነው፣ ሁለተኛው «ንዑስ ተቋራጩ ... ይገደዳል» የሚል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ይላል። ስለዚህ የፈረምከው ይይዝሃል። ቁጥር 1713 ደግሞ ተዋዋዮች በተጻፈው ብቻ ሳይሆን ከውሉ ዓይነት አንጻር ልማድ፣ ርትዕና ቅን ልቦና በሚያስከትሉት ግዴታም ይታሰራሉ የሚል ነው። ውልህ ዝም ባለበት ቦታ ይህ ይጠቅምሃል። ውልህ «በዋናው ውል መሠረት» የሚል ቃል ካለው ደግሞ የዋናውን ውል ሁኔታዎች ቅጂ በጽሑፍ ጠይቅ። ዋጋውን ይሸፍኑት፤ አንቀጾቹን ግን ያሳዩህ። ያላነበብከው ውል ሊያስርህ አይገባም።

ክፍያን በሚመለከት አንድ ነገር ሒሳብህ ውስጥ አስገባ። በዚያው ቀይ መጽሐፍ አሠሪው ለዋናው ተቋራጭ የሚከፍልበት ጊዜ መሐንዲሱ የክፍያ መጠየቂያ ሰነዱን ከተቀበለ በኋላ 56 ቀን ነው። ሰኔ 30 የገባ ሰነድ 56 ቀኑ ነሐሴ 26 ይሞላል። ዋናው ተቋራጭ «ሲከፈለኝ እከፍልሃለሁ» የሚል ከሆነ አንተ ገንዘብ የምታየው ከዚያ በኋላ ነው። የሠራተኛ ደሞዝና የብረት ዕዳ ግን አዲስ ዓመትን አይጠብቁም። ለቀጣዩ ሥራ «የተለካ ሥራ በዚህን ያህል ቀን ይከፈላል» የሚል አንድ መስመር ሳታስገባ እንዳትፈርም።

ሙሉት ብሎ የሚያጣድፍህን ሰው ስትከራከር የምትይዘው ሌላም ሕግ አለ። ቁጥር 3039። የማይንቀሳቀስ ንብረት የሠራ ተቋራጭ ካስረከበ ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው ጽናት ዋስ ነው። ከአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን ሥራው ካረፈበት መሬት ጠባይ ለሚመጣ ጉዳትም ጭምር። ይህን ጊዜ በውል ማሳጠር አይቻልም። ይህ ሸክም በዋናው ተቋራጭ ትከሻ ላይ ነው ያለው፤ እሱ ደግሞ ወደ አንተ እንደሚዞር አትጠራጠር። ስለዚህ ተረጋግተህ «ሁለታችንንም ለ10 ዓመት የሚያስጠይቅ መሠረት ነው፤ ሦስት ቀን ስጠኝ» በለው። ብዙ ሰው ሲነገረው ይገባዋል።

ከዚህ በኋላ ሌላ ያልታወቀ መስመር እንዳትመታ ደግሞ እንዲህ አድርግ። ለውሃ አገልግሎቱ፣ ለመብራት ኃይል፣ ለቴሌ በደብዳቤ ጠይቅ። አሁን ሳፋሪኮምም ገብቷልና እሱንም። መስመር ማንሳት ካስፈለገ መሄጃው በጽሑፍ ጥያቄ፣ በግምትና በካሳ ነው፤ የወሰን ማስከበር አዋጁ ቁጥር 1161/2011 የሚመራው በዚያ ነው። ጥያቄውን የሚያቀርበው ባለሥራው ወገን ነው እንጂ አንተ በራስህ ምሰሶ አትንካ። ካርታ ካልተገኘ ሰው ፈልግ። በየከተማው የውሃ ቢሮ ውስጥ መስመሩን በጭንቅላቱ የያዘ አንድ አንጋፋ የቧንቧ ሠራተኛ አይጠፋም። ጡረታ ወጥቶ ከሆነ ቤቱ ሂድ። ቡና ጋብዘህ ሳይቱ ላይ አስኪደው። «እዚህ ጋ በደርግ ጊዜ አራት ኢንች ቀብረናል» ሲልህ በኖራ ምልክት አድርግ። እኔን ከካርታ ይልቅ እንደነዚህ ያሉ አባቶች ናቸው ያዳኑኝ፤ የሚያውቁትን የሚጽፍላቸው ሰው አለማግኘታቸው ሁሌም ያሳዝነኛል።

ከዚያ በእጅ ቁፋሮ። ማሽኑ ከመግባቱ በፊት በየ20 ሜትሩ፣ ከመንገዱ ጋር መስቀለኛ የሆነ ጠባብ ቦይ። በዶማና በአካፋ፣ በቀስታ። ቆፋሪዎቹን አንድ ነገር አስተምራቸው፦ አፈሩ ድንገት መልክ ከቀየረ ይቁሙ። ቡናማ አመድ ውስጥ ንጹሕ አሸዋ ብቅ ካለ ያ አሸዋ በራሱ አልመጣም። ሰው አምጥቶ ለኬብል ወይም ለቧንቧ ያነጠፈው ነው። የጡብ ረድፍ፣ የፕላስቲክ ማስጠንቀቂያ ጥብጣብ፣ ሁሉም አንድ ቋንቋ ነው። የኤሌክትሪክ ኬብል ከሆነ መስመሩ መዘጋቱ በጽሑፍ ሳይረጋገጥ ማንም እጁን አያስገባ። ወደ ላይም ይታይ፤ ኤስካቫተሩም የኮንክሪት ፓምፑም ክንድ ከ15 ኪሎ ቮልቱ ሽቦ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት። ያገኘኸውን ሁሉ ለክተህ ጥልቀቱን ጻፍ። ቦዩ ሲደፈን ያ ወረቀት ብቻ ነው የሚቀረው።

ስለ ቀን ሠራተኞቹ አልጠየቅከኝም። ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከ1.5 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ቦይ ውስጥ ድጋፍ ሳይደረግ ወይም ግድግዳው ሳይጋደም ማንም እንዳይወርድ። በተለይ አሁን፣ በተለይ ውሃ በነካው በኩል። ቀላል የሚባለው የእኛ አፈር እንኳ አንድ ሜትር ኩቡ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ እስከ ደረቱ ተቀበረብን። ራሱ ውጪ ነው፣ ይናገራል፣ ግን መተንፈስ እየከበደው ሄደ። በማሽን አይቻልም፤ ይቆርጠዋል። ስምንት ሰው ሆነን በእጃችንና በሰሃን ነው ያወጣነው። 40 ደቂቃ ፈጀ። ተረፈ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የዚያ ቦይ ጥልቀት 1.8 ሜትር ነበር። ከጠርዙ አጠገብ የተከመረው የራሳችን አፈር ነው ተመልሶ የገባው። አፈሩን ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር አርቀው ይከምሩት፣ ከተቻለ ከዚያም በላይ። መሰላል በየቦዩ ይኑር፤ ሰው ለመሮጥ ሲፈልግ ቅርብ እንዲሆንለት።

መንገዱ አስፋልት ከመልበሱ በፊት ደግሞ ለኮንሰልታንቱ አንድ ሐሳብ አቅርብ። መንገዱን በሚያቋርጡ ቦታዎች ባዶ መጠባበቂያ ቱቦ ይቀበር። ወጪው ከሌላው ሥራ አንጻር ትንሽ ነው። ነገ ውሃም ቴሌም ሲመጡ አዲሱን አስፋልት ከመቁረጥ ያድናል። ቦታቸው በድሮዊንጉ ላይ ምልክት ይደረግበት፤ ያለ ምልክት የተቀበረ ባዶ ቱቦ አንተ ዛሬ ከመታኸው ቧንቧ አይለይም።

ደብዳቤው ነገ ይግባ። ብርጭቆውንና ዲሲፒውን ሬዚደንት መሐንዲሱ ባለበት ሥሩት። የንባቡን ወረቀትና የጉድጓዱን ፎቶ ላክልኝ፤ ምን ያህል እንደምታነሳ አብረን እናየዋለን።